የሳሮን ወንበር

ጢጥ ጢጥ ጢጥ።

ሔራን ከጎኗ ያስቀመጠችው ሳጥን ከመክበዱ የተነሳ ቫኑ ሰው መስሎት ቀበቶ ይታሰር ይላል። እጇን ዘርግታ አሰረችለት። ወንበሩ የሳሮን ነበር።

ኋላ ሌሎች ዘጠኝ ሳጥኖች አሉ። ሁሉም ወርቅ ነው። ናሬዳ የምትባል፣ ጦርነት ላይ ያለች፣ መንግሥቷ ገና ዓመት ያልሞላው አገር ከወዳጅ መንግሥት የተለገሳት። ገንዘቧን የሚቀበል የለም፤ ወርቁ ካልደረሰ ለከተማዋ ስንዴ አይገዛም። የመጀመሪያው ጭነት ከስድስት ወር በፊት መንገድ ላይ ጠፍቷል። ጭነቱን ይዛ የሄደችው ባልደረባዋ ሳሮንም ቪከሪ ሜዶ የሚባለው ሰፈር ቆማ በነበረች መኪናዋ ውስጥ ተገድላ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ሔራን እንቅልፍ የላትም።

«ኋላ በር ፓርክ አድርጊውና ግቢ» አላት ክብረት በስልክ።

አለቃዋ ነው። ጋርላንድ ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ። በሳሮን ቀብር ላይ የጸለየው እሱ ነው፣ እያለቀሰ። ርክክቡን ከአውሮፕላን ማረፊያው ካርጎ በር ወደዚህ ኧርቪንግ ያለ ሆቴል የቀየረውም እሱ ነው፣ ዛሬ ጠዋት። ሔራን በድርጅቱ ውስጥ ውድ ዕቃ የምታመላልስ፣ «ልዩ» የምትባል ሾፌር ናት።

ክብረት ወደሚጠብቃት ሎቢ ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ መጣ። ኢዛና ይባላል፤ የናሬዳ ጠበቃ ነኝ ባይ።

«ዝናቡስ?» አለ ክብረት።

«ጋርላንድ ቀረ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ክብረት ይህን ልጅ አይቶት አያውቅም። እንደዚያ ነበር ያላት።

ኢዛና የርክክቡን ወረቀት በአንድ እጁ ዘረጋ። ክብረት ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለው።

ሔራን አየችው።

ምእመኑ ሁሉ ብድግ የሚልለት የስልሳ ዓመት ሰው ለልጁ እኩያ አይጎነበስም። ለጌታው ካልሆነ በቀር። አፍ ቢዋሽ ልማድ አይዋሽም።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ቫን ውስጥ ረሳሁት። መጣሁ።»

ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ነበር።

ቀስ ብላ ተራመደች። ከበሩ ስትወጣ ሮጠች።

ሀይዌይ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ተመለሺ። ወርቁን ካልሰጠኋቸው ይገድሉኛል።»

«ሳሮንን አንተ ነህ የሸጥካት?» ከተዋወቁ ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም።

«መንገዷን ብቻ ነው የነገርኳቸው። አይነኳትም ብዬ…»

ልትጠላው ፈለገች። አልቻለችም። አባቷ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን አጠገቧ የተቀመጠው እሱ ነው። ለቢሮው ኮል አደረገች፤ ሰው ላኩለት ብላ ለመነች። ቫኑን ግን አላዞረችም።

ካርጎ በር የናሬዳ አውሮፕላን ቆሞ ነበር። አሥሩም ሳጥን ተጫነ። ወዲያው ከቢሮው መልእክት መጣ፦ «ዘግይተናል። ሞቷል።»

ቫኑን እዚያው ትታ «ልዩ» የሚለውን ባጅ ቆሻሻ ውስጥ ጣለች። እሑድ ጋርላንድ ይለቀሳል። እሷ አትገኝም።

ባቡር ውስጥ አንዲት ያገሯ ልጅ አጠገቧ ቆመች።

«ሶሪ፣ እዚህ ሰው አለ?»

ሔራን ባዶውን ወንበር አየችው።

«አዎ» አለች። «አለ።»