ቆይ፣ አባባ ይምጡ!

የማራኪ እግር አያርፍም። ቆማ ትዘላለች፤ ተኝታም ትራገጣለች።

ዛሬማ ባሰባት። ከአያቷ ከአባባ ፈንቴ ጋር ሐይቁ ላይ በጀልባ ሄዳ ጉማሬ ልታይ ነው!

«አባባ፣ ቶሎ! ጀልባዋ ጥላን ትሄዳለች!»

ማራኪ ዱብ ዱብ ዱብ! የአባባ ከዘራ ኳ… ኳ… ኳ…።

ደግሞ አባባ ሰው ካዩ ሰላም ሳይሉ አያልፉም። ቆም ብለው ባርኔጣቸውን ያነሣሉ።

«እትዬ ዝማም፣ እንዴት አደሩ? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ ደህና?»

«አባባ! እትዬ ዝማም ከብት የላቸውም እኮ። ያለቻቸው ድመት ናት!»

«እንግዲያው ድመቷስ ደህና?»

«ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን!» አሉ እትዬ ዝማም።

ትንሽ ሄዱ። ኳ… ኳ…። አሁን ደግሞ ብስክሌት ጠጋኙ መጣ!

«እንዴት አደርህ? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ ደህና?»

ማራኪ እጃቸውን ጎተተች። ከኋላ ገፋቻቸው። አባባ ወይ ፍንክች!

ዱፍ ዱፍ ዱፍ! የጀልባዋ ሞተር ተነሣ። ማራኪ የአባባን እጅ ለቀቀችና ሮጠች።

«ነይ ግቢ» አሏት ባለጀልባው ጋሽ አንዳርጌ። «ሰው ቸኩሏል። አባባ ዳር ሆነው ይጠብቁሽ።»

ማራኪ አንድ እግሯን ጀልባዋ ውስጥ አስገባች። ዞር ብላ አየች።

አባባ ገና ሩቅ ናቸው። ሊቸኩሉ ፈልገዋል፤ እግራቸው ግን እምቢ ብሏቸዋል። ኳ! ኳ! ኳ!

የማራኪ ሆድ ባባ። ያለ አባባማ አይሆንም! ምን ታድርግ?

ፊት ለፊት ወደተቀመጡት ሴትዮ ዞረች። «እንዴት አደሩ? ልጆቹ ደህና? ከብቱስ ደህና?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን! አንቺስ ልጄ? እናትሽ ደህና?»

ከዚያ አጠገባቸው ያሉትን ሰውዬ ሰላም አለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ልጅ። «ከብቱስ ደህና?»

ሰላምታ አቋርጦ ማን ይሄዳል? ጋሽ አንዳርጌ ሳቁና ሞተሩን አጠፉ።

ኳ! አባባ ደረሱ። «እፎይ! ጥለሽኝ የሄድሽ መስሎኝ ነበር።»

«ሮጥኩ እንጂ አልሄድኩም» አለች ማራኪ።

ዱፍ ዱፍ ዱፍ! ሄዱ፣ ሄዱ። ድንገት ውኃው ተናወጠ። ፉፍፍፍ!

«ያውና! ያውና! ኧረ አፉን እዩት!» ብድግ ብለው የጮኹት አባባ ናቸው።

«አባባ፣ ይቀመጡ! ይወድቃሉ!» ማራኪ ኮታቸውን ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ይኸን ሁሉ ዘመን ሐይቁ ዳር ኖሬ፣ ጉማሬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ አባባ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«የእኔም የመጀመሪያዬ ነው!» አለች ማራኪ።

ጉማሬው ውኃው ውስጥ ጥልቅ አለ። «ተመልሶ ይወጣል?» ሲሉ ጠየቋት አባባ።

«ይወጣል። ቆይ እንጠብቀው» አለች ማራኪ። እጃቸውን ይዛ፣ ጭናቸው ላይ ተደግፋ ጠበቀች።