ከራሱ እጅ

የጨዋታው ደንብ አጭር፣ ጣጣው ግን ረጅም ነበር። አንዱ በእጁ የሰጠውን ሌላው «ይዣለሁ» ሳይል ከተቀበለ ይሸነፋል፤ ተሸናፊም የታዘዘውን ይፈጽማል። ቦታና ጊዜ አይመርጥም፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይም ቢሆን ይሠራል።

ጸሐይወርቅ ላፍቶ በሚገኘው የቀበሌ ሱቅ ስኳር ታድላለች። ሮበሌ እዚያው የሚያርሱ ገበሬ ልጅ ነው። ጨዋታውን የፈጠሩት ሁለቱ ናቸው፣ በስኳር ሰልፍ ላይ ሲተዋወቁ። ሮበሌ ስኳሩን ተቀብሎ «ይዣለሁ!» ብሎ ሲጮህ ሰልፈኛው ያበደ ይመስለው ነበር። አንዴ የሽምብራ እሸት ባንኮኒው ላይ አስቀምጦላት፣ ስታነሳው «ተሸነፍሽ!» አላት።

«ባንኮኒ እጅ አለው እንዴ?» ብላ ረታችው።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና ደረሰውና ሰሜን ዘመተ። መውደዱን ሳይነግራት፣ እሷም መውደዷን ሳትነግረው።

ከዓመት በኋላ አብሮት የዘመተው ጓደኛው በንቲ በፈቃድ ሲመጣ፣ ሮበሌ ከወይራ የጠረበውን ሚዶ ይዞላት መጣ። እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ከራሱ እጅ ካልሆነ አልቀበልም በለው። ራሱ ይዞልኝ ይምጣ!»

በንቲ ደግ ልጅ ነው፤ ግን ነገር ማሳጠር ይወዳል። ሚዶውን መልሶ «አልቀበልም አለች» አለው።

በየወሩ ይመጣላት የነበረው የሮበሌ ደብዳቤ ቆመ። ሞቶ ይሆናል ብላ ስንት ቀን አለቀሰች። አንድ ጠዋት ግን ስኳር ሊወስዱ የመጡ ሴት «ሮበሌ እኮ ከተመለሰ ሰነበተ» አሏት። ሚዛኑን ለባልደረባዋ ትታ ወደ ማሳው ገሰገሰች።

ሽምብራ ሲነቅል አገኘችው። ቀና ብሎ አያትና ወደ ነቀላው ተመለሰ።

«መጥተህ እንኳ አትጠይቀኝም?»

«እምቢ የተባለ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«እምቢ መች አልኩ? ከራሱ እጅ ነው ያልኩት! ደንቡ እንደዚያ አይደል?»

«ስዘምት ጨዋታው ያበቃ መስሎኝ…»

«ማን አበቃ አለህ? እኔ ስጠብቅህ ነበር!» እንባዋ ቀደማት።

ሮበሌ ሚዶውን ከኪሱ አወጣ። አፈሩን በሸሚዙ ጠረገና ዘረጋላት።

ተቀበለችው። አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች።

ጠበቀ፣ ጠበቀ። «ጸሐይዬ፣ አላልሽም እኮ!»

«አላልኩም። ተሸንፌያለሁ፤ እዘዘኝ።»

«እሁድ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ በመጨረሻ። «አደራሽን፣ ‹ከራሱ እጅ ካልሆነ› ብለሽ እንዳታስመልሺያቸው!»