የሸክላ ሜዳ ድርሻ

ደልዳዩ የጠዋቱን ድርሻ ሲያወጣ ለሸክላ ሜዳ ዛሬም ዜሮ ሰጠው። ዘጠነኛ ቀኑ ነው። መቅደላዊት አልገረማትም፤ መገረም ከተዋት ቆይቷል።

ደልዳይ የሚሉት ከከተማው ሰው ሁሉ ክንድ ላይ፣ ከአምባሮች፣ ትኩሳትና ትንፋሽ እየለቀመ የሳንባውን ወረርሽኝ መድኃኒት ለየሰፈሩ የሚያካፍለውን ማሽን ነው። ዘመድ የለውም፤ ጉቦ አይበላም። በእሱ መዝገብ ሸክላ ሜዳ ውስጥ አንድም በሽተኛ የለም። በቀብር መዝገቡ ግን በዘጠኝ ቀን አሥራ አራት ሰው ተቀብሯል። ስለዚህ አራሚዋ መቅደላዊት ጭምብሏን አጥልቃ በእግሯ ወረደች። አራሚ ማለት ማሽኑ ሲሳሳት ሄዶ በዓይኑ የሚያይ ሰው ነው። ከሠላሳው አራሚ ሳይታመሙ የቀሩት አራት ናቸው።

እድሩ አዳራሹን ለበሽተኞች ለቅቆታል። በሩ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ፎጣ ሲጨምቁ አገኘቻቸው። ከእጃቸው አንጓ እስከ ክርናቸው ስድስት አምባር ደርድረዋል።

“እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የማነው?”

“ይሄ የልጄ የሰብለ ነው። ይሄ የጎረቤቴ፣ ይሄኛው የሻምበል። ትኩሳቱ ሲነሳ ክንዳቸው እያበጠ አምባሩ ቆረጣቸው። አውልቀን ብናስቀምጠው ደግሞ ይጮሃል፤ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። እና እስኪሻላቸው እኛ አጥልቀንላቸው ነው።”

“ሁላችሁም?”

“የሚያስታምም ሁሉ።”

“ማሽኑ እኮ የእርስዎን ትኩሳት እየለካ ሰብለ ደህና ናት ይላል።”

ሴትየዋ ክንዳቸውን አዩት። “ስድስት ጊዜ ደህና ነሽ አለኝ በይኛ።” ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። “እኛ ነን ማለት ነው የገደልናቸው?”

መቅደላዊት ሰሌዳዋን ከቦርሳዋ አወጣች። “አሁን አስተካክለዋለሁ” አለችና ገባች።

ስድሳ አንድ በሽተኛ ቆጠረች። ሰብለ ከግድግዳው ሥር ተኝታለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ባሏ አንገቷን ደግፎ ውሃ በማንኪያ ያጠጣታል፤ ግማሹ በአገጯ ይወርዳል። በየፍራሹ አጠገብ ሰው አለ። የሚያራግብ፣ ጀርባ የሚያሽ፣ ምንም የሚያደርገው አጥቶ እግር ይዞ የተቀመጠ።

ቁጥሩን በእጇ ሰሌዳ ላይ አስገባች። ደልዳዩ እርማቱን ያለ ክርክር ተቀበለና ጠየቀ፦ “አስታማሚ አላቸው?”

“አዎ” የሚለውን ስትነካ፣ ገና ሳታጸድቀው፣ ድርሻው ወጣ። አሥራ ሁለት። “የላቸውም” የሚለውን ነካች። ስድሳ አንድ።

ደንቡን ታውቀዋለች። ሲወጣ እጇን አውጥታ ደግፋዋለች፤ ብቻውን የተኛ ሰው ይቅደም የሚል ነው። ዛሬም ስህተት አይመስላትም። ለዚህ አዳራሽ የምትጨምረው አርባ ዘጠኝ መድኃኒት ከላይኛው ሰፈር ፎቆች፣ በሩን የሚያንኳኳለት ከሌለው ሰው ላይ ይቀነሳል። ያንን ሰው አታየውም። ሰብለን ታያታለች።

በሦስት ዓመት ሥራዋ አንድ የሐሰት ቃል አስገብታ አታውቅም። አሁን ግን ደክሟታል፤ ድካም ይሁን ርኅራኄ መለየት እንኳ አቅቷታል። “የላቸውም” የሚለውን አጸደቀች።

“ምን ብለሽ ጻፍሽ?” አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላዋ።

“ማንም የላቸውም ብዬ።”

“ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ?”

“አስታማሚ አላቸው ካልኩ የሚመጣው ለአሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው።”

እትዬ ጥሩወርቅ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱት። “በኋላ ይሰረዛል?”

“አይሰረዝም።”

ደልዳዩ አይረሳም። ከመቶ ዓመት በኋላ ስለዚህ ወረርሽኝ የሚያጠና ሰው፣ ስድሳ አንድ ሰው ታሞ ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል ጎረቤት ያልተገኘበት ሰፈር እንደነበረ ያነባል። ምናልባትም ስለ ሰው ልጅ ክፋት ሲያስተምር ሸክላ ሜዳን በምሳሌነት ይጠራል።

“ይበሉን” አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። “ብቻ ቶሎ ይምጣ።”