የተሸረፈው ብርጭቆ

ሽማግሌው በበዓሉ ጠረጴዛ ራስ፣ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ሞቱ። ግንባራቸው ቢጫው ናፕኪን ላይ አርፏል፤ ከፊታቸው ያሉት ሻማዎች ግን የሆነውን ሳያውቁ ይነዳሉ። ምራታቸው በሩን ተደግፋ ቆማለች። በሕይወቷ ሬሳ አይታ አታውቅም፤ ያም ሆኖ ይበልጥ ያስፈራት ሬሳው ሳይሆን ያንን ጠረጴዛ ብቻዋን ያስጌጠችው እሷ መሆኗ ነበር።

ማንንም አላስጠጋችም ነበር። ነጩን ጨርቅ ተኩሳ አነጠፈች፤ በመካከሉ ቀዩን ደረበች፤ ለአምስቱም ሰው ቀለሙ የተለያየ ናፕኪን አጠፈች፤ አንድ ዓይነት የሆኑትን አምስት ሰማያዊ ብርጭቆዎች በየቦታቸው አቆመች። በመጨረሻ ከወርቃማ ወረቀት የቆረጠቻቸውን ነጠብጣቦች በገበታው ላይ እንደ ጨው ነሰነሰች። እሷ ወደዚህ ቤት ሳትገባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሥራ የሠሩት አማቷ ነበሩ። ዘንድሮ ሽማግሌው «እስቲ ደግሞ ልጅቷ ትሞክር» ብለው ፈረዱላት። ሞከረች፤ ይኸው።

ወይኑን ሁሉም ከአንድ ጠርሙስ ተቀድቶላቸው ነበር፤ የወደቁት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። የተጠራው ሐኪም ከመታጠቢያ ቤቱ ሳጥን ውስጥ የአማቲቱን የልብ መድኃኒት ጠርሙስ ባዶውን አግኝቶ ራሱን ነቀነቀ። ወይኑ የተቀዳው ሁሉም እያዩ ስለሆነ ጠብታው የተጨመረው ከመቀዳቱ በፊት፣ በብርጭቆው ውስጥ ነው አለ። በጥቁር ሰማያዊ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ጠብታ ለማን ይታያል?

መርማሪዋ ጉንፋኗን እየተዋጋች ገባች። አጭርና ወፍራም ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ለቁመናዋ እንዳልሆነ ጥያቄዋን የቀመሰ ሁሉ ይመሰክራል። ከሁሉ በፊት አማቲቱን ወደ ሳሎን ወሰደቻቸው። የማእድ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር እዚያ የተቀመጠችው ምራት የሚሉትን ሁሉ ሰማች።

«እኔ ወደ መመገቢያ ክፍሉ እስክንጠራ ድረስ እግሬን አላነሳሁም» አሉ አማቲቱ እያለቀሱ። «ጠረጴዛዬን ተቀምቼ የለ! ሌላ ማን ነካው? እሷ ናት እንጂ!»

«ልጅዎና ሚስቱ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወሩ ነው የሚባለው እውነት ነው፣ እናቴ?»

«ልትወስደው ነው። አንድ ወንድ ልጄን! እሱ ምን ያድርግ፣ አፍዝዛዋለች።»

ምራቲቱ ውሃ መጠጣት ፈለገች፤ ብርጭቆ ማንሳት ግን ፈራች።

ቀጥሎ የባሏ እህት ተጠራች። ዓይኗ በእንባ አብጧል።

«አባትሽ ሲወድቁ ማን ምን አለ?»

«እኔ ጮህኩ። ወንድሜ ክራቫቱን ሊፈታለት ሮጠ። እማዬማ በድንጋጤ ግራ ገብቷት፣ “በየትኛው ነው የጠጣው? በየትኛው?” ትል ነበር።»

«የወንድምሽ ሚስትስ?»

«ሾርባውን እንደያዘች ቀረች። እንደ ሐውልት!»

መርማሪዋ አስነጠሳትና «ይማርሽ» የሚላት ሰው ጠፋ። ከዚያ ወደ ማእድ ቤቱ መጣች። ምራቲቱ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ፣ የኔ እህት። ከብርጭቆሽ ቀመስሽ?»

«አልቀመስኩም። ገና ሾርባ እያቀረብኩ ነበር።»

«ጠረጴዛሽ ያምራል። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት ለቤቱ አባወራ የተሸረፈ ብርጭቆ ታቀርባለች?»

«የተሸረፈ?»

«ሽማግሌው የጠጡበት ነው። አፉ ላይ ጥፍር የምታክል ስባሪ ወጥታለች።»

«እሱማ የኔ ነው!» አለች ምራቲቱ ሳታስበው።

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። መርዙ ያለበትን ብርጭቆ የኔ ነው ብላ በገዛ አፏ መሰከረች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ቀጥይ እንጂ» አለች መርማሪዋ ለስለስ ብላ።

«በዚህ ቤት የተሸረፈውን ለራሷ የምታስቀምጠው ጠረጴዛውን የምታሰናዳው ናት። እማማ ናቸው ያስተማሩኝ። “የቤት እመቤት ጎደሎውን ለራሷ ታደርጋለች” ይሉ ነበር። እኔ ፊት ነው ያቆምኩት፤ እምልልሻለሁ! እዚያ እንዴት እንደሄደ አላውቅም።»

መርማሪዋ ተመልሳ ወጣች። ወዲያው ባሏ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለኔ ብቻ እውነቱን ንገሪኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተሳስተሽ ከሆነ ጠበቃ እንይዛለን።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ፖሊስን ነበር የምትፈራው። አሁን ግን የባሏን ፊት ፈራች። አብሯት የሚተኛው ሰው ካላመናት ማን ሊያምናት ነው?

«አንተም?» አለች።

ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ወደ መመገቢያ ክፍሉ ተጠሩ። ሬሳው ተነስቷል፤ ጠረጴዛው ግን እንደነበረ ነው። መርማሪዋ አጠገቡ ቆማ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ወረቀቱን የነሰነስሽው መቼ ነው?» ብላ ምራቲቱን ጠየቀቻት።

«መጨረሻ ላይ፣ ብርጭቆዎቹ ከቆሙ በኋላ። ከዚያ ልብስ ልቀይር ወጣሁ።»

«እንግዲያው ከብርጭቆ ሥር ወረቀት ሊኖር አይገባም። ኑ፣ እዩ።» የባሏን ብርጭቆ ብድግ አደረገችው፤ ሥሩ ንጹሕ ክብ ነው። የእህቱና የአማቲቱም እንዲሁ። የሽማግሌውን ስታነሳ ግን ከሥሩ ወርቃማ ነጠብጣቦች ተደፍጥጠው ተገኙ። ገና ያልተቀመሰው የምራቲቱም ብርጭቆ የቆመው ወረቀት ላይ ነበር። «ሁለቱ ከተሰናዱ በኋላ ቦታ ተለዋውጠዋል። ማን ለወጣቸው?»

የባሏ እህት ድንገት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አባባ ነው» አለች። «ሁልጊዜ ልንቀመጥ ስንል ነበር የሚለውጠው። ልጅ ሆኜ አንድ በዓል አየሁትና “ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ ካወቀች ትመልሰዋለች” አለኝ። የተሸረፈውን እሱ ነበር የሚወስደው።»

«እኔንም አስምሎኛል» አለ ወንድሟ። «ለሚስቴም ያደርገዋል ብዬ እንዴት አላሰብኩም?»

አማቲቱ በዝግታ ቀና አሉ።

«ሊቀመጡ ሲሉ ከሆነ የለወጡት፣ ጠብታው ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው» አለች መርማሪዋ። «ያኔ ብርጭቆው የቆመው ምራቲቱ ፊት ነበር። ሞት የተደገሰው ለሽማግሌው አልነበረም።»

ምራቲቱ ወንበር ጨብጣ ቆመች። ልትጠጣው ነበር። ሾርባውን ቀድማ አቅርባ ከሳቸው በፊት ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ፣ አባባ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ፣ ግንባሯን ናፕኪን ላይ ደፍታ የምትገኘው እሷ ነበረች። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ከጎኗ ተቀምጦ ስትጠጣ ሊያያት ሲጠብቅ ነበር።

«ልጆቹ የአባታቸውን አመል ያውቃሉ» ቀጠለች መርማሪዋ። «ከነሱ አንዱ በዚያ ብርጭቆ መርዝ ቢጨምር ማን እንደሚጠጣው ቀድሞ ያውቀዋል፤ ሰውየው ሲወድቅ በየትኛው ጠጣ ብሎ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ ሰው የቀረበለት አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው፤ እንዲያ ብሎ የሚጠይቅ ከአምስቱ አንዱ የተለየ መሆኑን የሚያውቅና በሽማግሌው እጅ ይገኛል ብሎ ያልጠበቀ ሰው ነው። የጠየቁት እርስዎ ነዎት፣ እናቴ።»

«ደንግጬ ነው!» ብለው ጮኹ አማቲቱ። «የሠላሳ ዓመት ባሌን እኔ እገድላለሁ? እንዲህ የሚያደርግ ቢሆን አላውቅም ነበር? ውሸት ነው፤ ልጆቹ ያወሩት ነው!»

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። በየበዓሉ የተሸረፈውን ለራስዎ ሲያስቀምጡ ኖረዋል። አንድም ቀን የተሸረፈው ጎን ከንፈርዎን ነክቶዎት ያውቃል?»

አማቲቱ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸው «እማዬ?» አላቸው፤ አልሰሙትም። ጣታቸውን ወደ ከንፈራቸው ወሰዱና በቀስታ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ቁስል የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«ደህናው ጎን ነበር የሚገጥመኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው እየሰለለ። «በየዓመቱ ደህናው ጎን የሚገጥመኝ ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም።