የአምኃ ቦይ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚያወርደው መንደር፣ ደመና በጠቆረ ቁጥር ሰው ዕቃውን ወደ ቆጥ ይሰቅል ነበር። ከመንደሩ በላይ አሮጌዎቹ የጭቃ ቤቶች ፈርሰው ባለ ፎቅ ሕንፃዎች መቆም ጀምረዋል፤ የሣሩ ሜዳ ሲሚንቶ ለብሷል፤ ቀድሞ አፈር ይጠጣው የነበረውም ውኃ መግቢያ አጥቶ ቁልቁል ይንደረደራል። የመንደሩ ሰው ግን ቀና ብሎ ሕንፃዎቹን አላየም፤ ዐይኑን የጣለው በአቶ አምኃ ላይ ነው።

አቶ አምኃ በደርግ ዘመን የቀበሌው ሊቀ መንበር የነበሩ፣ መንግሥት ሲለወጥ ታስረው የተፈቱ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንኳ ቆጥበው የሚሰጡ ሰው ናቸው። ከእርሳቸው በታች በአንዲት ክፍል የምትኖረው ጀማነሽ፣ ባሏ የሞተባት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ታናሽ ወንድሟ በእኒህ ሰው ትእዛዝ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ በዚያው ቀርቶባታል። በራቸው ቢዘጋ ምን ሊዶልቱ ነው ትላለች፤ ቢከፈትም ማንን ሊሰልሉ ነው ትላለች። የሰኔው ጎርፍ ፍራሿንና ጤፏን ሲያበላሽ የእርሳቸው ቤት ሳይነካ ቀረ። ደጃፋቸውን በድንጋይ ከፍ ማድረጋቸውን አይታለች፤ ይህም ሌላ ተንኮል መሰላት።

በሐምሌ ሥላሴ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትወጣ፣ አቶ አምኃ በደጃፋቸው የሚያልፈውን የጎርፍ ቦይ ክዳን ድንጋይ አንሥተው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቷቸው፣ ዶማ ይዘው አገኘቻቸው። ምን እንደሚሠሩ ብትጠይቃቸው መንገድሽን ሂጂ አሏት። ውኃውን ወደ እርሷ ቤት የሚመልሱት እርሳቸው እንደሆኑ ያን ጊዜ ቁርጥ አደረገች።

ወሬው መንደሩን ለማዳረስ ቀኑ አልመሸበትም፤ ሌሎችም አየን ባዮች ተጨመሩ። ክሱ ለእድሩ ቀረበ፤ የተጠየቀውም ቅጣት ከእድር መሰረዝ ነበር። የአቶ አምኃ ባለቤት ወይዘሮ አየለች አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል፤ ሐኪምም ተስፋ ቆርጧል፤ እድር የሌለውን ሰው ሬሳ ማን ድንኳን ጥሎ፣ ማን ተሸክሞ ይቀብረዋል? ጀማነሽ ይህን ታውቃለች። ግን ወንድሟንም ማንም አልቀበረላትም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባላቱ በእድሩ ቤት ተሰበሰቡ። ቤቱ የድንኳኑና የወንበሩ ማስቀመጫ ነው፤ ደርግ በወደቀ ማግሥት፣ በመንደሩ በተረፈው ብቸኛ ባዶ ቦታ ላይ፣ ሁሉም ድንጋይ ተሸክሞ በአንድ በጋ ያቆመው ነው። በንጉሡ ጊዜ ማዕረግ ያገኙት የእድሩ ዳኛ፣ ግራዝማች ተከስተ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ምስክሯን ጠሯት። ጀማነሽ ያየችውን ሳታጎድል ተናገረች፤ ያላየችውንም ጥቂት ጨመረችበት።

«አቶ አምኃ፣ የሚሉት ካለ ይናገሩ» አሉ ግራዝማች።

«ቦዩ ታፍኗል፤ የታፈነውም ዶማዬ በማይደርስበት ቦታ ነው። የቱ ጋ እንደሆነ ብነግራችሁ ከእኔ አፍ የወጣ ነውና አታምኑኝም።»

ከኋላ የፌዝ ሳቅ ተሰማ። ጀማነሽም ሰውየው ዛሬም እንደ ቀበሌ ስብሰባ በምሥጢር ሊያስፈራሩን ነው ብላ በልቧ ሳቀች።

ግራዝማች እጅ ሊያስወጡ ሲሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። ጋብ እስኪል ጠበቁ፤ አላለም። ጥቂት ቆይቶ ቀዝቃዛ ነገር የጀማነሽን እግር ነካው። በሩን አየች፤ ደረቅ ነው። ውኃው ከወለሉ ስንጥቅ እየፈላ ከወንበሮቹ ሥር ይወጣል፤ የተጠቀለለው ድንኳን ጫፉ ርሷል። ጀማነሽ ያን ጊዜ ገባት። ያ ቦታ ባዶ የነበረው በጣልያን ጊዜ የተቆፈረው ይኸው አሮጌ ቦይ የሚያልፍበት ስለ ነበር ነው፤ በበጋ ደርቆ ቢያዩት ድንጋይ ሞልተው ቤት ሠርተውበታል። ጀማነሽም በባልዲ አሸዋ አመላልሳለች። ያን በጋ ከመንደሩ አባወራ አንድም ድንጋይ ያልተሸከሙት አቶ አምኃ ብቻ ናቸው፤ እስር ቤት ነበሩ።

«ግራዝማች፣ ምስክርነቴን አንሥቻለሁ» አለች ጀማነሽ ቆማ። «ቦዩን ያፈንነው እኛ ነን። ሳላይ የጨመርሁትም አለ፤ እርሱን ያናገረኝ ጥላቻዬ ነው።»

አቶ አምኃን ግን ይቅርታ አልጠየቀቻቸውም፤ የወንድሟ ነገር ከጉሮሮዋ አልወረደም። እርሳቸውም አላመሰገኗትም።

ክሱ ቀረ፤ በሳምንቱ አባላቱ የእድሩን ቤት ራሳቸው አፈረሱት፤ ውኃውም መንገዱን አገኘ። ወይዘሮ አየለች በነሐሴ ሲያርፉ ድንኳኑ ተጣለላቸው፤ ጀማነሽም ደጁ ላይ ተቀምጣ አምርራ አለቀሰች፤ ለማን እንዳለቀሰች የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት።

ዓመታት አልፈው መንደሩ ለልማት ተነሣ፤ ነዋሪው በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፤ በስፍራው ሰፊ አስፋልትና ትልቅ የጎርፍ ቱቦ ገባ። የቀድሞ ጎረቤቶች በለቅሶ ሲገናኙ ያን ቦታ «የአምኃ ቦይ» ይሉታል፤ ልጆቻቸው ቢጠይቋቸውም ክፉ ሊቀ መንበር በጎረቤቶቹ ላይ ውኃ የለቀቀበት ነው ብለው ይነግሯቸዋል። ጀማነሽ በሰማች ቁጥር ታርማቸዋለች፤ በአክብሮት ያዳምጧታል፤ በሚቀጥለው ለቅሶ ያንኑ ይደግሙታል። የአንድ ሰው ስም የያዘ ጥፋት ከትውልድ ትውልድ ይሻገራል፤ በዚያ በጋ ድንጋይ የተሸከሙት ግን ብዙ ስለ ነበሩ ስማቸውን የሚያነሣ የለም።