ገና ያልመሸው ምሽት

ጡቡ በረንዳው ላይ ነበር። ሱንቱሊ ራይ መጥረጊያዋን ይዛ ስታልፍ አየችው፤ በእግሯ ገፋ አድርጋው ሄደች። የጋዝ ክፍሉን በር ሌት ተቀን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ጡብ ውጭ ምን ይሠራል ብላ ያሰበችው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው፤ ባልዲዋን ሞልታ ስትመለስ። በሩ ተዘግቷል። ስትከፍተው የማዕከሉ ሐኪም ዶክተር ቶያናት ጊሚሬ ወለሉ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል።

መስኮቱን ከፍታ በብብቱ ይዛ ወደ በረንዳው ጎተተችው። አይተነፍስም። እሷንም ራሷን አዞራት። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የጋዝ መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ አረፈ። ለአዲሱ ወር ለሳውን የተሰቀለ ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎበታል።

«ሳውን 1፣ ማታ። ተዘግቷል። ጁ.ራ.»

«ሳውን 2፣ ማታ። ለነገ ሙከራ ክፍት ተትቷል። ጁ.ራ.»

ጁ.ራ. ማለት ጁኑ ራይ ናት፤ የሱንቱሊ አንድ ልጅ፣ የማዕከሉ ቴክኒሽያን። ሱንቱሊ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው ያነበበችው። ልጄ ሰው ገደለች አለች በሆዷ። ወረቀቱን አውርዳ አጣጥፋ ከመቀነቷ ሥር ሸጎጠችው።

ማዕከሉ ከዳንኩታ ከተማ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ነው። መሐንዲሶችና ሐኪሞች ተሰባስበው ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ርካሽ የመተንፈሻ መሣሪያ ይሠሩበታል። የፖሊስ ኢንስፔክተር ማንማያ ሊምቡ ዝናቡ እየደበደባት ዳገቱን ወጥታ ስትደርስ ጉልበቷን ይዛ ቆመች።

«የሕንፃው ቁልፍ ያለው ማነው?»

ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ኃላፊው ፕሮፌሰር ሂክማት ባስኔት፣ መዝገብ ያዥዋ ዩሙና ሽሬስታና ጁኑ። ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው፤ ቃላቸውንም በእጃቸው ቀን ጽፈው እንዲፈርሙ አደረገች። ሻይ የምታቀርበው ሱንቱሊ ስለነበረች ሁሉንም ሰማች።

«ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለውም» አለ ሂክማት። ውጭ አገር አሥራ ስድስት ዓመት ኖሮ የተመለሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። «የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ከፈሰሰ አየሩን ይተካዋል። የገባ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ጁኑ ሰሞኑን ደክሟት ነበር። እባክዎ አይጨክኑባት።»

«ማን ጨከነባት? ስሟን ያነሱት እርስዎ ነዎት።»

ሂክማት ብዕሩን አነሣ። ከቃሉ ግርጌ ቀኑን ሊጽፍ ሲል ቆም ብሎ በጣቱ አንጓ ቆጠረና ጻፈ።

ዩሙና ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። «ትናንት ከዶክተር ጋር ተጣልተናል፤ ምን እደብቃለሁ። መዝገብሽ ቆሻሻ ነው አለኝ።»

«ምኑ ነው የቆሸሸው?»

«መዝገቡ አራት ሕፃናት ሙከራውን አቋርጠው ወደ መንደራቸው ተወሰዱ ይላል። ዶክተር ግን መንደር ድረስ በእግሩ ሄዷል። መቃብራቸውን አይቶ ነው የመጣው። ዛሬ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ሊጽፍ ነበር።»

«ተወሰዱ ብለሽ የጻፍሽው ከምን ተነስተሽ ነው?»

«ከሚሰጠኝ ወረቀት ነዋ። ከጁኑም ይመጣል፣ ከፕሮፌሰርም ይመጣል። እኔ ገልባጭ ነኝ።»

ጁኑ መጨረሻ ገባች። እናቷን ቀና ብላ አላየቻትም።

«ጋዙን ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘግቼዋለሁ። ጽፌም ፈርሜያለሁ፤ ግድግዳው ላይ አለ።»

«ግድግዳው ላይ ምንም የለም።»

የሱንቱሊ ትሪ ተንቀጫቀጨ። ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ አላየችም። «አረንጓዴው አምባርሽ ያምራል። አዲስ ነው?»

«ትናንት ሳውን ባተ አይደል? በሳውን አረንጓዴ ይደረጋል፤ እናቴ ገዛችልኝ።»

ከዚያ በኋላ ማንማያ ሱንቱሊን ተከትላ ወጥ ቤት ገባች። «ዲዲ» አለቻት እንደ ታላቅ እህት፣ «ወረቀቱን ይስጡኝ።»

«የቱን ወረቀት?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሆድዎን ይዘው ነው የሚሄዱት። ቁርጠት ከሆነ ቤቱ ሐኪም ሞልቶታል።»

ሱንቱሊ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ወረቀቱን ስታወጣ ልጇን በገዛ እጇ ለእስር የሰጠቻት መሰላት። ኢንስፔክተሯ ረጅም ጊዜ አነበበችው።

«በደንብ አይተውታል?»

«አንዴ አየሁት። ይበቃኛል።»

ከሰዓት በኋላ ማንማያ ሁሉንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠች። እሷም ተቀመጠች፤ ለመቆም አቅም ያላት አትመስልም።

«ሰው ጋዝ ሳይዘጋ ሊረሳ ይችላል» አለች። «ግን ረስቶ የሄደ ሰው ጡቡን ወደ ውጭ አያወጣም፣ መስኮቱን አይቆልፍም፣ ከክፍሉ የአየር ማስጠንቀቂያ ደወልም ባትሪ አይነቅልም። ባትሪው የለም። ስለዚህ ይህ መርሳት አይደለም። ዶክተር ማለዳ ቀድሞ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ዩሙና፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ሳውን ሁለት።»

«መሽቷል?»

«ኧረ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«እዚህ ግን የሳውን ሁለት ማታ ተጽፏል። ሳውን ከባተ የመሸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የትናንቱ። ጁኑ ለትናንት አንድ መስመር ጻፈች፤ ተዘግቷል አለች። ሌሊት የመጣው ሰው አንድ መስመር ሲያይ በሱ ቆጠራ ዕለቱ ሳውን ሁለት ስለነበር የቀደመው ማታ መሰለው፤ የዕለቱን ረስታለች ብሎ ሁለተኛውን ጨመረላት። አንድ ቀን ቀድሞ ነው የሚቆጥረው።»

«እንዴት ይቀድማል?» አለች ጁኑ።

«ያለፈው ወር፣ አሳር፣ ዘንድሮ ሠላሳ ሁለት ቀን ነበረው። የወሮቻችን ርዝመት በየዓመቱ ስለሚለያይ ሁላችንም ግድግዳ ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ እናያለን። ግድግዳ ሳያይ በጣቱ የሚቆጥር ሰው ሠላሳ አንድ ላይ ይዘጋዋል።» ሦስቱን የተፈረሙ ቃሎች ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። «ጁኑ ሳውን ሁለት ብላለች። ዩሙናም እንደዚያው። ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ሳውን ሦስት ብለዋል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሕፃናት ተርፈዋል» አለ ሂክማት። «የአራቱ ሞት ቢወጣ መሣሪያውን ያግዱታል። ከዚያ በኋላ የሚሞቱትን ማን ይቆጥራቸዋል? ዶክተርን ለመንኩት። አልሰማኝም።»

«ጁኑንስ ቆጥረዋታል?» አለች ማንማያ።

ሂክማት ከወንበሩ ተነሣ። ከማንማያ ጋር የመጡት ፖሊሶች እጁን ይዘው ሲያወጡት ሱንቱሊ ደስ አላላትም፤ ሄዳ ከልጇ ጎን ቆመች።

ቤታቸው ሲደርሱ የዲዶ ገንፎውን አገንፍታ አቀረበች። ሁለቱም አልበሉም።

«ነገ እገባለሁ» አለች ጁኑ። «ሰባት ሕፃናት አሁንም መሣሪያው ላይ ናቸው። አራቱ ለምን እንደሞቱ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።»

ሱንቱሊ አትሂጂ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ሌላ ነው። «ያንን መስመር አምኜው ነበር። አንቺ ነሽ ብዬ ነው የደበቅሁት።»

«አውቃለሁ፣ አማ» አለች ልጅቷ። «ትሪው ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅሁት።»

ከምግቡ ፊት ተነሣች። አረንጓዴ አምባሯን አውልቃ ትራሷ አጠገብ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ሱንቱሊ እስትንፋሷ እስኪረጋ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ፣ ያልተናገረችው «አትሂጂ» አሁንም አፏ ላይ እያለ፣ ውጭ ገና ብርሃን ሳለ፣ በሩን ቀረቀረችው።