አንድ ሜትር ከፍታ ላይ

ሬሳው የተገኘው የልጆች ሙዚየሙ ሊመረቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። የሙዚየሙ ንድፍ አውጪ ራሱ «ራስህን አንሣ» ብሎ በሰየመው ክፍል ውስጥ፣ እንደተንበረከከ በፊቱ ተደፍቷል። ከላይ የወደቀው ሠላሳ ኪሎ ብረት ከጎኑ ተጋድሟል። እዚያ ክፍል ውስጥ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገመድ ሲስብ፣ ብረቱ በመዘውር ወደ ታች እየወረደ ልጁን ሽቅብ ያወጣዋል። አንድ ሕፃን የጉልበትን ትምህርት በገዛ ክንዱ እንዲማር፣ ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋበት ሥራ ነበር።

መርማሪዋ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ሌላው ሰው ሁሉ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል እሷ ስለምታስቆም፣ ባልደረቦቿ «ቆይ እስቲ» ይሏታል።

ወደ ክፍሉ የሚያስገባው በር የተሠራው ለልጅ ቁመት ነው። እያቃሰተች በእንብርክክ ገባች። ከሟቹ አጠገብ የመፍቻ ሣጥን ተከፍቶ፣ የእጅ ባትሪ እንደበራ ወድቋል። ብረቱን ይይዝ የነበረው ብሎን ማጥበቂያው ዳዶ የለውም። ዳዶውን ጥግ ላይ አገኘችው፤ አልተሰበረም፣ ጥርሱም አልተበላም።

«ሰው ፈትቶታል» አለች ለራሷ።

ስትወጣ አፍንጫዋ አዲስ ከተቀባው አረንጓዴ በር ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረውም። እዚያው ፊቷ ላይ ቀለሙ በሁለት ቦታ ተልጧል። ከኪሷ ሜትር አውጥታ ከወለሉ ለካች። ልክ አንድ ሜትር።

መጀመሪያ ዳይሬክተሯን አነጋገረች።

«ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጭነን፣ ገመዱን ከውጭ እየሳብን የመጨረሻውን ሙከራ ልናደርግ ነበር» አለች ዳይሬክተሯ። «ያገኘችው እዚሁ የምትሠራው እህቱ ናት። ጩኸቷን ሰምተን ነው የሮጥነው። ለቅዳሜ የስድስት ትምህርት ቤት ልጆች ጠርቻለሁ፤ ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

«ብየዳ ሠራተኛውን ትናንት በሰው ፊት አዋርዶታል። ሥራህ የእውር ሥራ ነው ብሎ።»

ብየዳ ሠራተኛው በቁመቱ ምክንያት «ዘንጉ» ይባላል። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ዳዶውን ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ» አለ። «ከዚያ በሩን ቀባሁ፣ 'ቀለሙ አልደረቀም' የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፣ ወጣሁ። በቃ።»

«ወረቀቱ የታለ?»

ከበሩ በላይ ወዳለው ግድግዳ ጠቆመ። መርማሪዋ ለማንበብ ማንጋጠጥ ነበረባት።

«ተሰድቤአለሁ፤ አልክድም። ግን ሰው አልገድልም፣ እመቤቴ! ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም እጄን እጄን ነው የሚያየው። ሚስቴ ለመውለድ ደርሳለች፤ እኔ ከታሰርኩ ማን አላት?»

እህትየው በትንንሽ ሰሌዳዎች መካከል ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። በየመጫወቻው ላይ ለልጆች የሚነበበውን የምትጽፈው እሷ ናት።

«አይዞሽ፣ ልጄ። እነዚህን ሰሌዳዎች በምን ልክ ነው የምትሰቅያቸው?»

«አንድ ሜትር ላይ። ለስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ትይዩ ነው። ወንድሜ፣ ጋሼ ነው ያስተማረኝ።»

ጠረጴዛው ላይ እጇ በፋሻ የተጠቀለለ ሕፃን ፎቶ አለ።

«ይቺስ?»

«ልጄ ናት። በመጀመሪያው ሙከራ መዘውሩ ጣቷን ቆረጣት። ምረቃው ይቆይ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ዳይሬክተሯም ጋሼም 'አስተካክለነዋል' አሉኝ። አልተስተካከለም! የሰው ልጅ እስኪሞት ነው የምትጠብቁት አልኳቸው።»

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ አዳራሹ ጠራች። ከልጆች ወንበር ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሶ ተቀመጡ።

«ሟቹ በጠዋት የገባው ሊሞክር አይደለም» ብላ ጀመረች። «ለሙከራ የመፍቻ ሣጥን ተከፍቶ፣ ባትሪ አይበራም። ሊጠግን ነው የገባው፤ ሲነካካው ብረቱ ወደቀበት። እንደተበላሸ ማን ነገረው? ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ደህና ነበር።»

ዘንጉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«የነገረው በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ ስለተለጠፈ ሲነሣ ልጦታል። ስለዚህ የተለጠፈው ዘንጉ ከወጣ በኋላ ነው፤ የተነሣው ደግሞ እኔ ከመድረሴ በፊት። ዘንጉ የለጠፈው ወረቀት ያውላችሁ፣ ኮርኒሱን ሊነካ ነው። ይሄኛው ግን አንድ ሜትር ላይ ነበር።»

መርማሪዋ ቀጠለች።

«አሁን ቆይ እስቲ፤ ሊገድል ያሰበ ሰው 'ተበላሽቷል' ብሎ ይለጥፋል? አይለጥፍም። ዳዶውን የፈታው ሰው ብረቱ በባዶ ክፍል፣ በሁሉም ፊት እንዲወድቅ ነው የፈለገው። ለሙከራ ገመዱ ከውጭ ሲሳብ ብሎኑ ይሾልካል፣ ብረቱ ይወድቃል፣ ምረቃው ይቀራል። ማንም አይጎዳም። ይሄ የገዳይ ሐሳብ አይደለም። የለመነች፣ ሰሚ ያጣች ሰው ሐሳብ ነው።» ወደ እህትየው ዞረች። «ወረቀቱ አረንጓዴ ቀለም ይዞ ነው የተነሣው። ፍተሻ አላዝም፣ ልጄ።»

እህትየው ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ተበላሽቷል። አትግቡ» ይላል፤ ልጅ በሚያነበው ደማቅ ፊደል።

«ከሙከራው በፊት ቀድሜ ላነሣው ነበር» አለች። «ልጅ እንኳ አንብቦ እንዲመለስ ብዬ... ሁሉም ሰው ይመለሳል። ጋሼ ግን የተበላሸ ነገር አይቶ አያልፍም! እንዴት ረሳሁት? ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዴት ረሳሁት?»

ዘንጉ ከሁሉ ቀድሞ አለቀሰ። ዳይሬክተሯ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ነግራኝ ነበር» አለች ደጋግማ። «ነግራኝ ነበር።»

መርማሪዋ ካቴናውን ከቦርሳዋ አላወጣችም። የእህትየውን ክንድ ይዛ ከሕንፃው አስወጣቻት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ» አለች እህትየው መኪናው ጋ ሲደርሱ። «እናታችን ገና አልሰማችም። ከሌላ ሰው አፍ አትስማው።»

ደንቡ አይፈቅድም። መርማሪዋ ግን ለሾፌሩ ወደ ጣቢያ ሳይሆን ወደ ቤታቸው እንዲነዳ ነገረችው።

በሩን የከፈቱት አሮጊት ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥሎ አጠገቧ የቆመችውን እንግዳ፤ ቀጥሎ ከጀርባቸው ያለውን ባዶ መንገድ።

«ምሳ ሳይደርስ መጣሽ?» አሉ እናትየው። «ወንድምሽስ?»